በማርና በቋንጣ ላይ የሚወጣው ነጭ ነገር፦ ክሪስታል ነው ሻጋታ?

በጥቅምት የገዛችሁት ማር በታኅሣሥ ነጥቶና ጠጥሮ ታገኙታላችሁ። ማንኪያ አልገባበት ይላል። አንዱ የቤት ሰው «ስኳር ደባልቀው ነው የሸጡላችሁ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሻግቷል፣ ድፉት» ይላል። በዚህ መሀል ደህና ማር ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። የማር ዋጋ ደግሞ የሚታወቅ ነው።

እዚያው ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ ፌስታል ለውዝ አለ። ጥቂት ፍሬዎች ላይ አረንጓዴ ቢጤ ነገር ወጥቷል። እሱን ግን የሚደፋው የለም። የተበላሹት ይለቀሙና የቀረው ተቆልቶ ለቡና ቁርስ ይቀርባል።

ሁለቱም ውሳኔዎች የተገላቢጦሽ ናቸው። የሚበላው ተጣለ፣ የሚጣለው ተበላ። ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው። በምግብ ላይ የወጣ ነገር ነጭ መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግረንም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ውኃው ነው። ክሪስታል፣ ማለትም እንደ ጨውና ስኳር ቅንጣት ያለ ጠጣር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አንድ ነገር ሲቀዘቅዝ ወይም ውኃው እየተነነ ሲሄድ ነው። ሻጋታ ግን ሕያው ነው። ለማደግ እርጥበት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የደረቀ ነገር ላይ ነጭ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክሪስታል ነው። የረጠበ ወይም የታፈነ ነገር ላይ ሲታይ ደግሞ ሻጋታ።

ማሩ ለምን ይረጋል?

ማር ውስጥ በዋናነት ሁለት ዓይነት ስኳር አለ፦ ፍሩክቶስና ግሉኮስ። ውኃው ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ከ17 እስከ 18 በመቶ አካባቢ። በዚያች ጥቂት ውኃ ውስጥ ያን ሁሉ ስኳር መያዝ ከባድ ነው። ፍሩክቶስ በውኃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፣ ሟሙቶም ይቆያል። ግሉኮስ ግን ቶሎ ይለያል። ቀስ እያለ ደቃቅ ክሪስታል ይሆንና ወደ ታች ይዘቅጣል። ማር ረጋ የምንለው ግሉኮሱ እንዲህ ሲለይ ነው።

ፍጥነቱን የሚወስነው አበባው ነው። ግሉኮስ የሚበዛበት የአበባ ማር በሳምንታት ውስጥ ይረጋል። የሱፍና የጎመን ዘር አበባ ማር እንዲህ ነው። ፍሩክቶስ የሚበዛበት ማር ደግሞ ዓመት ሙሉ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የትግራይ ነጭ ማር ነጭና ርጉ ሆኖ ነው ገበያ የሚወጣው። ገዢውም የሚፈልገው እንደዚያ ነው። መርጋቱን ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ሌላው ማር ሲረጋ ግን በወንጀል ይጠረጠራል። ይሄ አይገባኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ማር ለመርጋት በጣም የሚፈጥነው ወደ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው። የአዲስ አበባን የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት አስቡት። ጓዳችን ለማር መርጊያ የተመቸ ነው። ያው ማር ቆላ ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ የተላከ ማር ሳይረጋ፣ አዲስ አበባ የቀረው ሊረጋ የሚችለው ለዚህ ነው። ማሩ ያው አንድ ማር ነው።

ታዲያ ማር ሊሻግት አይችልም? ንጹሕ ማር ላይ ሻጋታ ማደግ በጣም ይከብደዋል። ውኃው በስኳሩ ተይዟል፣ ለሻጋታ የሚተርፍ የለም። ማር በዚያ ላይ አሲድ ነው። ንቦቹ የጨመሩበት ኢንዛይም ደግሞ ማሩ ትንሽ ውኃ ሲያገኝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፤ ቁስል የሚታጠብበት ዓይነት ኬሚካል ነው። እናም የረጋ ማር ላይ የምታዩት ነጭ ሻጋታ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

የማር እውነተኛ ችግር እርሾ ነው። ማሩ ሳይደርስ ከተቆረጠ ወይም ውኃ ከገባበት፣ የውኃው መጠን ከ20 በመቶ ሲያልፍ እርሾ ይነቃል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስም ለአብዛኛው ማር ገደቡን እዚያው 20 በመቶ ላይ አድርጎታል። እርሾ የነቃበትን ማር ለማወቅ ኢትዮጵያዊ አፍንጫ በቂ ነው። ጠጅ ጠጅ ይሸታል። አረፋ ይሠራል፣ ክዳኑ ሲከፈት ትስስ ይላል፣ ጣዕሙ ይኮመጥጣል። ይሄ መርዝ አይደለም። ግን ማርነቱ አብቅቷል፤ ለጠጅ እንጂ ለዳቦ አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ግሉኮሱ ክሪስታል ሆኖ ሲለይ፣ የቀረው ፈሳሽ ክፍል ውኃው ይበዛል። ስለዚህ ከታች ረግቶ ከላይ ቀጥኖ የተቀመጠ ማር፣ ከላይ ያለው ክፍል ለእርሾ ይመቻል። እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት አሽትቱት። ሽታው ደህና ከሆነ አማስሉትና ቶሎ ተጠቀሙበት።

ያልተጣራ ማር ላይ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ። ከላይ ነጣ ያለ ሽፋን ይንሳፈፋል። ይህ ሰፈፍ፣ የአበባ ዱቄትና የታፈነ አየር ነው። በባህላዊ ቀፎ ማር ላይ የተለመደ ነው። በማንኪያ ገፈፍ አድርጎ ማውጣት ይቻላል፣ ቢበላም ችግር የለውም። በብርጭቆ ዕቃ ግድግዳ ላይ የሚታየው እንደ ጭጋግ ያለ ነጭ ዝርግ ደግሞ በክሪስታሎቹ መሀል የገባ አየር ነው።

«ስኳር ተደባልቆበት ነው» ለሚለው ጥርጣሬ መልሱ አጭር ነው። መርጋት ማሩ መደባለቁን አያሳይም። አለመደባለቁንም አያሳይም። ንጹሕ ማር ይረጋል፤ የስኳር ሽሮፕ የገባበትም ሊረጋ ይችላል። ክብሪት መለኮስ፣ ውኃ ውስጥ ጠብ ማድረግ፣ ወረቀት ላይ ማፍሰስ የሚባሉት የቤት ሙከራዎች የሚለኩት ማሩ ምን ያህል ውኃ እንዳለውና እንደወፈረ ነው። መደባለቁን በእርግጠኝነት የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

የረጋውን ማር ወደ ፈሳሽ መመለስ ከፈለጋችሁ፣ ዕቃውን እጃችሁን ልትነክሩበት በምትችሉት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት። 40 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ጊዜ ይፈጃል፣ ታገሡት። እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት መዓዛውን ያጠፋዋል፣ ኢንዛይሞቹንም ይገድላል። እኔ እንደሆንኩ ርጉውን ማር ዳቦ ላይ ስለምወደው አላቀልጠውም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ለሁሉም ማር ይሠራል፦ ፈሳሽም ይሁን ርጉ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችለው፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም። የሕፃን አንጀት ግን አይችለውም።

ቋንጣው ላይ የወጣውስ?

ቋንጣ ላይ ጥያቄው ይከብዳል። ምክንያቱም እዚህ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ።

ሥጋው ተዘልዝሎ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ይሰቀላል። ውኃው ከውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ይተናል። ጨው ግን አይተንም። ውኃው ተሸክሞት ይወጣና ገጹ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ነጭ ብናኝ መስሎ ይታያል። ጨው የበዛበት ቋንጣ ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። ስብ ያለበት ቦታም ሲደርቅ ይነጣል። እሱ ደግሞ በጣት ሙቀት ይለሰልሳል።

መመርመሪያው እንዲህ ነው። አንዱን ዘለላ አውርዱና ወደ መስኮት ብርሃን ውሰዱት። በስልካችሁ ካሜራ ቀርባችሁ አጉሉት። ጨው ከሆነ ጠርዝ አለው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ሥጋው ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። ሻጋታ ከሆነ ጸጉር አለው። ከገጹ ተነሥቶ ይታያል፣ ብርሃንን አይመልስም፣ ክብ ክብ እየሆነ ከአንድ ነጥብ ወደ ዳር ይሰፋል። ቀጥሎ ለብ ያለ ውኃ በማንኪያ ጫፍ አንድ ጠብታ አድርጉበት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጨው ይሟሟል፣ ቦታው የሥጋውን ቀለም ይመልሳል። ሻጋታ አይሟሟም። ይረጥብና ይጋደማል፣ ወይም ውኃው ላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ይቀራል።

የሚወጣበት ቦታም ይናገራል። ጨው አየር ያገኘውን ገጽ ሁሉ ይሸፍናል። ሻጋታ ግን የሚመርጠው እጥፋቱን፣ ሁለት ዘለላ የተነካካበትን፣ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለበትን ቦታ ነው። አየር የማይደርስበት፣ እርጥበት የቀረበት ቦታ ስለሆነ ነው። በክረምት የተሰቀለ ቋንጣ ላይ እነዚህን ቦታዎች በደንብ እዩ።

ሦስት ነገር አታድርጉ። ለማረጋገጥ ብላችሁ አትቅመሱ። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ በኃይል አትሳቡ፤ የሻጋታ ብናኝ በተለይ አስም ላለበት ሰው መጥፎ ነው። ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ስታሸቱት እንኳ ሻጋታ የምድር ቤት፣ የታፈነ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አለው። ክሪስታል ምንም አይሸትም። በመጨረሻም «ነጭ ሻጋታ ቀላል ነው፣ ክፉው ጥቁሩ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። ብዙ ሻጋታ ሲጀምር ነጭ ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር የሚሆነው ዘሩን ሲያወጣ ነው። ነጭ ሻጋታ ማለት ብዙ ጊዜ ገና ወጣት ሻጋታ ማለት ነው።

ቸኮላት፣ ቅቤና ሌሎች

ከውጭ በሻንጣ የመጣ ቸኮላት ተከፍቶ ነጭ ለብሶ ከተገኘ ሻጋታ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። የካካዎ ቅቤ ወደ 34 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና ሲረጋ ቅቤው ወደ ላይ ይወጣና ይነጣል። በጣት ብታሹት ይጠፋል። ሻካራ ሆኖ ካልጠፋ ስኳር ነው፤ እርጥበት ነክቶት ስኳሩ ሟሙቶ እንደገና ደርቋል። ሁለቱም ይበላሉ፣ ብቻ ለአፍ አይለሰልሱም።

ንጥር ቅቤ ሲቀዘቅዝ ጥራጥሬ መሥራቱም ይኸው ነው፦ የስቡ ከፊሉ ቀድሞ ይረጋል። ዘቢብና ተምር ላይ የሚወጣው ነጭ ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ሲነከር ይጠፋል። እንደ ፓርሜዛን ያለ የቆየ የጣሊያን አይብ ውስጥ ጥርስ ላይ ቅርጭጭ የሚለው ነጭ ነጥብ ታይሮሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል ነው፤ አይቡ መብሰሉን ነው የሚያሳየው።

ምግብ ባይሆንም የትንባሆን ነገር ላንሳ፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርት አለው። በአውሮፓና በአሜሪካ በፒፓ የሚያጨሱ ሰዎች ትንባሆ በብርጭቆ ዕቃ አሽገው ለብዙ ዓመታት ያስቀምጣሉ። ቨርጂኒያ የሚባለው ዓይነት ስኳሩ ብዙ ነው። ከዓመታት በኋላ ቅጠሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ክሪስታል ይወጣል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። ችግሩ የሚመጣው ሰው ደስ እንዲለው ብሎ ሲያይ ነው። ሲጋር ላይ የወጣን ነጭ ብናኝ «በደንብ የመቆየቱ ምልክት ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በማይክሮስኮፕ የታዩ ናሙናዎች ግን ተደጋግመው ሻጋታ ሆነው ተገኝተዋል። ማጨስ ያለ ሻጋታም ጤና ይጎዳል፤ ያነሣሁት ለሌላ ነው። ውድ የገዛነውን ዕቃ ስንመረምር ዓይናችን የምንመኘውን ያሳየናል። ጠብታ ውኃዋ ግን አታዳላም።

ሻጋታ ከሆነስ?

ዋናው ነገር ምግቡ ለስላሳ ነው ወይስ ደረቅ ጠንካራ የሚለው ነው። ሻጋታ ላይ ላዩን የሚታየው አበባው ነው ማለት ይቻላል። ሥሩ ወደ ውስጥ ይገባል። እንጀራ ለስላሳና ባለ ዓይን ስለሆነ ሥሩ በቀላሉ ያልፋል። በሦስት በአራት ቀኑ አንድ ነጠብጣብ የታየበት እንጀራ፣ ነጠብጣቡ ተቆርጦ የቀረው ደህና ነው ማለት አይቻልም። ከሥሩ ያለውንም እንጀራ ገልብጣችሁ እዩ። ዳቦ፣ አይብ፣ የበሰለ ወጥም እንደዚያው ናቸው፤ ይጣሉ። ጠንካራ አይብ ከሆነ ግን ሻጋታው ካለበት ዙሪያውንና ወደ ታች 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጦ የቀረውን መብላት ይቻላል። ቢላው ሻጋታውን እንዳይነካ ብቻ።

አሁን ወደዚያ ወደ ለውዙ ልመለስ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

አስፐርጂለስ የሚባለው ሻጋታ አንዳንድ ዝርያዎች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራሉ። ለውዝ፣ በቆሎ፣ በርበሬና ሌላ ቅመም ላይ ያድጋሉ። መርዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ካለቁ በኋላ ነው። መኖቸው ውስጥ የነበረው የለውዝ ፋጉሎ ሻግቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር ያስከትላሉ ከሚላቸው ነገሮች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የሚጎዳው በተለይ ጉበትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤታችን በኬንያ እርጥበት ላይ የተከማቸ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳመመ፣ 125ቱ ሞቱ።

ይህ መርዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ሻጋታውን ብታጥቡት መርዙ ይቀራል። መቁላትና መቀቀል መጠኑን ትንሽ ሊቀንሰው ይችላል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ከሻገተው ለውዝ መሀል ደህና የሚመስለውን መልቀም አያስተማምንም። የተሸበሸበ፣ ቀለሙ የተለወጠ፣ ሲበላ የሚመር ለውዝ ሲያጋጥማችሁ ዋጡት አይባልም፤ ትፉት።

በእንስሳ መኖ በኩልም ይመጣል። ላሟ የሻገተ ፋጉሎ ስትበላ መርዙ መልኩን ለውጦ ወተቷ ውስጥ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ ሁሉም ላይ አግኝቶታል። ከአውሮፓ ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቤት ውስጥ በዓይን መለየት አይቻልም። መፍትሔው መኖ አከማቹና ተቆጣጣሪው ጋ ነው፣ እነሱም ሊጠየቁበት ይገባል።

በርበሬ ላይ ግን እጃችን ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚገባን ቅመም በአፍላቶክሲን ምክንያት በተለየ ቁጥጥር ሥር አድርጎታል። እኛም እዚሁ የምንበላውን እንደዚያው እንጠንቀቅለት። በርበሬው ሲገዛ ዛላውን ሰባብራችሁ ውስጡን እዩ። ሻጋታ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው፣ ከውጭ ቀይና የሚያምር ሆኖ። ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ አትግዙ። ከታጠበ በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ አስጡት፣ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ይድረቅ። ከወፍጮ ሲመጣ ትኩስ ነው፤ እንደሞቀ በፌስታል አትቋጥሩት፣ ላቡ ይመለስበታል። እርጥብ ማንኪያ አታስገቡበት። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ከፍላችሁ ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ወደ ውጭ አገር ለዘመድ የሚላክ ከሆነም ከመታሸጉ በፊት ሙሉ ለሙሉ መቀዝቀዙን አረጋግጡ።

የሻገተ ነገር ስትጥሉ አታራግፉት። ከነዕቃው በፌስታል ቋጥሩት። የሚቀመጥ ዕቃ ከሆነ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ ደፍታችሁ በደንብ አድርቁት። ሌላ እህል የሚገባበት ከደረቀ በኋላ ነው።